ጥቀርሻና ዝገት፦ የጥቁር ባሩድ ሪቮልቨር አጸዳድና አያያዝ ታሪክ

ጥቁር ባሩድ ሲነድ ሙሉ በሙሉ ጋዝ ሆኖ አይበንም። አንድሪው ኖብልና ፍሬድሪክ ኤብል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1875 በብሪታንያ ባሳተሙት ጥናት (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተቃጠለ ባሩድ በክብደት 43 በመቶ ያህሉ ጋዝ፣ 57 በመቶ ያህሉ ግን ጠጣር ቅሪት እንደሚሆን አሳይተዋል። ከቅሪቱ ከፊሉ ነጭ ጭስ ሆኖ በአፈሙዙ ይወጣል፤ የቀረው ብረቱ ላይ ጥቁር ጥቀርሻ ሆኖ ይጋገራል። ጥቀርሻው ፖታሲየም ካርቦኔት፣ ፖታሲየም ሰልፌት፣ ፖታሲየም ሰልፋይድ፣ እንዲሁም ሳይነድ የቀረ ከሰልና ድኝ አለበት። ፖታሲየም ካርቦኔት በእንጨት አመድ ውስጥ የሚገኘው ጨው ነው፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ተተኩሶ ሳይታጠብ ያደረ መሣሪያ በማግስቱ ሲታይ ማታ ደረቅ የነበረው ጥቀርሻ ረጥቦ፣ ከሥሩም ቀይ ዝገት ጀምሮ ይገኛል። እርጥበት በበዛበት አገር ሌሊቱ እስኪነጋ እንኳ አይጠብቅም።

ችግሩ የጥቁር ባሩድ መሣሪያ ሁሉ ቢሆንም በሪቮልቨር ላይ ይከፋል። በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ሲቆሽሽ እርሳሱን ወደ ውስጥ መግፋት ያስቸግራል እንጂ የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ጥቂት ነው። ሪቮልቨር ግን በመሃል ዘንግ ላይ የሚዞር ሲሊንደር አለው፤ በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከልም እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። በእያንዳንዱ ተኩስ ትኩስ ጋዝና ጥቀርሻ በዚያ ክፍተት ወደ ጎን ይፈናጠራል፤ በሲሊንደሩ ፊትና በዘንጉ ዙሪያ ይለጠፋል። ጥቂት ዙር ከተተኮሰ በኋላ ሲሊንደሩ መዞር ይከብደዋል፤ ሳይጸዳ ከቀጠለም ጨርሶ ይቆማል። የመሣሪያው ቅርጽ፣ አብረውት በሣጥን የሚሸጡት ዕቃዎች፣ የተጠቃሚዎቹ ልማድም ጭምር በአብዛኛው የተወሰኑት ከዚህ ጥቀርሻ ጋር በተደረገው ትግል ነው።

ሳሙኤል ኮልት በ1814 በኮኔቲከት ግዛት፣ በሃርትፎርድ ከተማ ተወለደ። ለሪቮልቨሩ የአሜሪካ ፓተንት ያገኘው ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1836 ሲሆን፣ የመጀመሪያ ፋብሪካውን በኒው ጀርሲ ግዛት በፓተርሰን ከተማ አቋቋመ። እዚያ የተሠሩት ሽጉጦች አምስት ጥይት የሚጎርሱ፣ ምላጫቸው ወደ ውስጥ ተደብቆ መምቻው ወደ ኋላ ሲሳብ ብቻ ብቅ የሚል ነበሩ። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ለማጉረስ አፈሙዙን መንቀልና ሲሊንደሩን ማውጣት ያስፈልግ ነበር። ፈረስ ላይ ላለ ሰው ይህ ከባድ ፈተና ነው፤ ከጽዳት አንጻር ግን አንድ ጥቅም ነበረው፤ መሣሪያው በተጎረሰ ቁጥር ዘንጉና የሲሊንደሩ ፊት ለዓይን ስለሚጋለጡ ጥቀርሻው በጨርቅ ይጠረጋል። በ1839 ኮልት ሳይፈታ ለማጉረስ የሚያስችል መግፊያ ማንሻ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ማጉረስና ማጽዳት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆኑ፤ በሁለተኛው ሥራ ላይ ቸልተኝነትም አብሮ መጣ። የፓተርሰን ኩባንያ ገበያ አጥቶ በ1842 ተዘጋ።

መሣሪያውን ከመረሳት ያወጡት ሬንጀሮች የተባሉት የቴክሳስ ድንበር ጠባቂ ፈረሰኞች ናቸው። በጁን 1844 ጆን ኮፊ ሄይስ የመራቸው ጥቂት ሬንጀሮች ዎከርስ ክሪክ በተባለ ቦታ በቁጥር ከሚበልጧቸው የኮማንቺ ተዋጊዎች ጋር ተዋግተው ድል ያደረጉት በፓተርሰን ሽጉጦች ነበር። በዚያ ውጊያ የነበረው ሳሙኤል ዎከር በኋላ ከኮልት ጋር ተጻጽፎ፣ ትልቅና ጠንካራ ስድስት ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ እንዲሠራ አደረገው። ኮልት በጊዜው ፋብሪካ ስላልነበረው በ1847 ለጦር ሠራዊቱ የታዘዙትን 1000 ሽጉጦች ያሠራው በኮኔቲከት በፈልሳፊው በኤሊ ዊትኒ ልጅ ፋብሪካ ነው። የዎከር ሽጉጥ 2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በእያንዳንዱ የሲሊንደሩ ጉድጓድ እስከ 60 ግሬይን፣ ማለትም ወደ 4 ግራም የሚጠጋ ባሩድ ይይዛል። ባሩዱ በበዛ መጠን ጥቀርሻውም ይበዛል። አንዳንዶቹ ሲሊንደሮች በዚህ ጉልበት ፈነዱ፤ መግፊያ ማንሻውም በተኩሱ ንዝረት ከመያዣው እየወጣ ይወርድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ድራጉን የተባለው ሞዴል የባሩዱን መጠን ቀነሰ፤ የማንሻውንም መያዣ አሻሻለ።

በጽዳት ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዘው ግን የ1851 የባሕር ኃይል ሞዴል፣ በተለምዶ ኔቪ የሚባለው ነው። የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት 0.36 ኢንች፣ የሽጉጡ ክብደት 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። በሃርትፎርድ ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ተሠርቷል፤ በለንደንም ከ1853 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በሠራ የኮልት ፋብሪካ ሌሎች በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጥተዋል። አካሉ ከላይ ክፍት ነው፤ ከሲሊንደሩ በላይ የሚያልፍ ብረት የለውም። አፈሙዙንና አካሉን አንድ አድርጎ የሚይዘው ወፍራሙ መሃል ዘንግና በዘንጉ ውስጥ በአግድም የሚያልፍ አንድ ሽብልቅ ብቻ ነው። ሽብልቁ ሲገፋ ሽጉጡ ያለ ምንም መሣሪያ በሦስት ይከፈላል፦ አፈሙዝ፣ ሲሊንደር፣ እጀታውን የያዘው አካል። ዘንጉ ላይ ደግሞ የተቆረጡ ቦዮች አሉ። ቦዮቹ ሞራ ወይም ዘይት ይይዛሉ፤ ሲሊንደሩ ሲዞር የሚፋቀው ጥቀርሻም ማረፊያ ያገኛል። ሲታይ ቀላል የሚመስለው ይህ አሠራር ሽጉጡ በውጊያ መሃል ለረጅም ጊዜ እንዲዞር ያደረገ ብልህ መፍትሔ ነው።

ተፎካካሪዎቹ የተለየ መንገድ መረጡ። በለንደን ሮበርት አዳምስ በ1851 አፈሙዙና አካሉ ከአንድ ብረት የተሠራ ጠንካራ ሽጉጥ አቀረበ። በአሜሪካ ሬሚንግተን በፎርዳይስ ቢልስ የ1858 ፓተንት ላይ ተመሥርቶ ከሲሊንደሩ በላይ የብረት ድልድይ ያለው ሞዴል አወጣ። ሬሚንግተን ከኮልት ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ማነጣጠሪያውም አስተማማኝ ነው፤ ሲሊንደሩን ለማውጣት ማንሻውን ዝቅ አድርጎ ቀጭኑን ፒን መሳብ ብቻ ይበቃል። ድክመቱ እዚያው ፒኑ ላይ ነው። ፒኑ ቀጭን በመሆኑና እንደ ኮልት ዘንግ ቅባት የሚይዝ ቦይ ስለሌለው በጥቀርሻ ቶሎ ይያዛል። ሬሚንግተንን የያዘ ወታደር በጥቂት ዙር ልዩነት ሲሊንደሩን አውጥቶ ፒኑን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነበረበት። ብዙ ጸሐፊዎች ሬሚንግተንን በጥንካሬው ብቻ መዝነው የተሻለ መሣሪያ ይሉታል። ጥቀርሻው ከተቆጠረ ግን የኮልት ክፍት አካል በጊዜው የሚነገርበትን ያህል ደካማ አልነበረም፤ በረጅም ውጊያ ቀን እንዲያውም ብልጫ ነበረው።

ኮልት ከሽጉጡ ጋር አንድ ገጽ የታተመ መመሪያ ይሰጥ ነበር። የመመሪያው አነጋገር አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። ከማጉረስ በፊት በእያንዳንዱ ጡት (በሲሊንደሩ ጀርባ ባለችው ቀዳዳማ ጫፍ) ላይ ቆብ (ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ የመዳብ ክዳን) ብቻ እየተደረገ እንዲተኮስ ያዝዛል፤ ይህም በጡቱ ቀዳዳ የገባው ዘይትና አቧራ እንዲወጣ ነው። ይህን ትእዛዝ የዘለለ ሰው ሽጉጡን ባጸዳበት ዘይት ምክንያት ባሩዱ ረጥቦ በሚፈልገው ሰዓት አይተኮስለትም። ጽዳቱን በሚመለከት መምቻው በግማሽ እንዲሳብ፣ ሽብልቁ ተገፍቶ አፈሙዙና ሲሊንደሩ እንዲወጡ፣ ሁለቱም በሞቀ ውሃ ታጥበው እንዲደርቁና በደንብ ዘይት እንዲቀቡ፣ ሲሊንደሩ የሚዞርበት ዘንግ ደግሞ ዘይት እንዳይቆጠብበት ይናገራል። የውስጡን ክፍል፣ ማለትም መምቻውን፣ ምላጩንና ሞላዎቹን፣ ብሎኖቹን በተርታ እየፈቱ ማውጣትና በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል መመለስ እንደሚቻልም ያስረዳል። ለአንድ የፋብሪካ ዕቃ ገዢው ራሱ ሊፈታው፣ ሊያጸዳውና ሊገጥመው እንደሚችል ታስቦ የተጻፈ መመሪያ በዚያ ዘመን ገና አዲስ ነገር ነበር።

የሣጥኑ ይዞታም ይህንኑ ይናገራል። ጥሩ ተደርጎ የተዘጋጀ ሣጥን ከሽጉጡ ሌላ የባሩድ ቀንዱን የተካ የመዳብ ጠርሙስ፣ የእርሳስ ጥይት መቅረጫ፣ የቆብ ቆርቆሮ፣ በአንድ ጫፉ ካቻቢቴ በሌላው የጡት መፍቻ የሆነ አነስተኛ መሣሪያ፣ በተለይ በእንግሊዝ በተዘጋጁት ደግሞ የዘይት ዕቃና የመወልወያ ዘንግ ይይዛል። ከእነዚህ መካከል የጡት መፍቻው ትንሹ ቢሆንም አንገብጋቢው ነበር። ጡቱ የሚቀመጠው በሲሊንደሩ ጀርባ በጥርስ ተጠምዞ ነው። ካልተፈታና ጥርሱ ካልተቀባ በጥቀርሻና በዝገት ተጣብቆ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ በኃይል ሲፈታም ይሰበራል። ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ካሉ አሮጌ ሽጉጦች ብዙዎቹ በጡታቸው ዙሪያ የተበሉ ናቸው።

መበላቱን የሚያብሰው ቆቡ ነው። የመዳብ ቆቡ በውስጡ የሜርኩሪ ፉልሚኔት ድብልቅ ይይዛል፤ መምቻው ሲያርፍበት ነበልባል ወደ ባሩዱ ይልካል። በበርካታ ቆቦች ድብልቅ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረ፤ ሲነድም ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለ፣ ከገበታ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው ይተዋል። ይህ ጨው በዘይት አይሟሟም። በዘይት ብቻ የተወለወለ ብረት ንጹሕ መስሎ እየታየ ከዘይቱ ሥር ይዝጋል። ለዚህ ምክንያቱ በሳይንስ ተለይቶ የታወቀው ዘግይቶ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት፣ የአሜሪካ ማዕድን ቢሮ ባካሄደው ምርመራ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጠቃሚ ግን ኬሚስትሪውን ሳያውቅ መድኃኒቱን ያውቅ ነበር፤ ውሃ።

ውሃው ለምን ይሞቅ እንደነበር ማብራራት ይገባል። የባሩድ ጥቀርሻ በቀዝቃዛ ውሃም ይሟሟል። ሙቀቱ ሥራውን ያፋጥናል፣ የቅባቱን ቅሪት ያለሰልሳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብረቱ ራሱ ስለሚግል ከውሃው ሲወጣ እርጥበቱ በራሱ ይተናል። ጣት በማይደርስበት ጉድጓድና በብሎን ጥርስ ውስጥ የቀረውን ውሃ የሚያወጣው ይህ ግለት ነው። በአንጻሩ በጣም የፈላ ውሃ በተራቆተ ብረት ላይ በቅጽበት ስስ ቡናማ ዝገት ያወጣል። ስለዚህ የተለማመዱ ሰዎች ብረቱ ለብ እንዳለ ዘይቱን ይቀቡት ነበር። በማጠቢያው ውሃ ላይ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይነሣል፤ ከጥቀርሻው ሰልፋይድ የሚወጣ ጋዝ ነው። ሽታው ጠፍቶ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ማጠብ ጥሩ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። የናስ ክፍሎችን፣ ለምሳሌ የምላጭ መጠበቂያውን፣ ያ ሰልፋይድ ያጠቁራቸዋል እንጂ አይበላቸውም።

ዘይቱ የራሱ ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለረቂቅ ብረት ሥራ ከሁሉ የሚመረጠው ስፐርም ዌል ከተባለው ዓሣ ነባሪ የሚገኘው ዘይት ነበር። ቀጭን ነው፤ በብርድ አይረጋም፤ ቆይቶም እንደ ሙጫ አይጣበቅም። ስለዚህ ሰዓት ሠሪውም ጠመንጃ ሠሪውም ይሻሙበት ነበር። የማሳቹሴትስ ወደቦች ኒው ቤድፎርድና ናንተኬት በዚህ ንግድ ከበሩ። ዋጋው የማይቀመስለት ሰው የወይራ ዘይት፣ የአሳማ ስብ ወይም ሞራ ይጠቀማል። እነዚህ ጥቀርሻን አለስልሰው የመያዝ ጠባይ አላቸው፤ ሲቆዩ ግን ይሻግታሉ፣ ይደርቃሉ፣ የሞላዎቹንም እንቅስቃሴ ያከብዳሉ። ኤድዊን ድሬክ በ1859 በፔንሲልቬንያ ግዛት በታይተስቪል አቅራቢያ ነዳጅ ዘይት ቆፍሮ ካገኘ በኋላ የማዕድን ዘይቶች ቀስ በቀስ የዓሣ ነባሪውን ዘይት ተኩ። በጥቁር ባሩድ ላይ ግን የማዕድን ዘይት ሁሉ እንደማይስማማ ብዙ ተኳሾች በልምድ ያውቃሉ፤ ከጥቀርሻው ጋር ሲገናኝ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ነገር ይፈጥራል። በጉድጓዶቹ አፍና በዘንጉ ላይ የሰምና የሞራ ድብልቅ እስከ ዛሬ ቦታውን ያልለቀቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ይህን ሁሉ ወደ ጦር ሰፈር ወሰደው። የሰሜኑ መንግሥት ከኮልት የ1860 አርሚ ሞዴልና ከሬሚንግተን ከእያንዳንዳቸው ከ100 ሺህ በላይ ሽጉጥ ገዛ። ፈረሰኛው ሙቅ ውሃ የሚያገኘው ቡና በሚፈላበት እሳት ላይ ነው፤ ያም ካልተገኘ በወንዝ ውሃ ያጥባል። በውጊያ መካከል ሙሉ ጽዳት የማይታሰብ በመሆኑና ማጉረሱም ደቂቃዎች ስለሚፈጅ፣ የሚዙሪ ሽምቅ ተዋጊዎች አንዱ ሽጉጥ ሲያልቅ ሌላውን ለመምዘዝ ብዙ ሽጉጥ ታጥቀው ይጋልቡ ነበር። የደቡቡ ጦር መኮንን የጆን ሞዝቢ ፈረሰኞችም ሰይፍን ትተው ጥንድ ሽጉጥ በመያዝ ይታወቃሉ። የፈነዳ ቆብ ስባሪ ወደ መምቻው ሥር ወድቆ ሽጉጡን መቆለፉ ደግሞ ጥቀርሻን ያህል የሚያማርር ነገር ነበር፤ ልምድ ያለው ሰው መምቻውን ሲስብ ሽጉጡን ወደ ላይ ያነሣል፣ ስባሪው ወደ ውጭ እንዲወድቅ። ለቀናት ተጎርሶ የቆየ ባሩድ እርጥበት ሊገባበት ስለሚችልም፣ ጠንቃቃ ሰዎች አሮጌውን ጉርሻ ተኩሰው፣ ሽጉጡን አጥበው፣ በአዲስ ባሩድ ያጎርሱት ነበር።

የሰፈር ጽዳት ያስቀረው አንድ ምልክት ዛሬም ይነበባል። የኮልት ፋብሪካ በኤላይሻ ሩት መሪነት ክፍሎችን በማሽን ያመርት ነበር፤ ነገር ግን የመጨረሻው ልከት በእጅ በሞረድ ስለሚጠናቀቅ የአንዱ ሽጉጥ ክፍል ለሌላው ሁልጊዜ በትክክል አይገጥምም። ስለዚህ በአካሉ፣ በአፈሙዙ፣ በምላጭ መጠበቂያው፣ በሲሊንደሩ፣ በሽብልቁም ሳይቀር አንድ ዓይነት ቁጥር ይታተማል። ወታደሮች ሽጉጦቻቸውን አብረው ፈትተው ሲያጥቡ ክፍሎቹ ይቀያየራሉ። ቁጥራቸው የማይመሳሰል የጦርነቱ ዘመን ሽጉጦች ዛሬ በዋጋ ይቀንሳሉ፤ ለታሪክ ተመራማሪ ግን መሣሪያው በእውነት በሰፈር መኖሩን ከሚጠቁሙ ማስረጃዎች አንዱ ናቸው።

ሌላው ምስክር የሲሊንደሩ ሥዕል ነው። በኔቪ ሞዴል ሲሊንደር ዙሪያ የቴክሳስ መርከቦች በሜይ 1843 በካምፔቼ አጠገብ ከሜክሲኮ መርከቦች ጋር ያደረጉት ውጊያ በጥቅል ማተሚያ ተቀርጿል። በዎከርና በድራጉን ላይ ያለው ሥዕል ደግሞ የሬንጀሮችና የኮማንቺዎች ውጊያ ነው። ቅርጹ እጅግ ጥልቀት የሌለው ነው። በውሃና በለስላሳ ጨርቅ በተያዘ ሽጉጥ ላይ ከ150 ዓመት በኋላም መርከቦቹ ይለያሉ። በአመድ፣ በጡብ ዱቄት ወይም በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ሽጉጥ ግን ሲሊንደሩ ልሙጥ ነው፤ የአፈሙዙ ሰማያዊ ቀለምም ጠፍቶ ብረቱ ነጥቷል። ሰማያዊው ቀለም ራሱ በብረቱ ላይ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ዝገትን ያዘገያል እንጂ አያቆምም፣ አንዴ ከተፋቀም በራሱ አይመለስም። ከጥቀርሻው ይልቅ ያለ ልክ የጓጓ ባለቤት ያበላሻቸው ሽጉጦች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም።

የጥይት ቀለህ መምጣት ሥራውን አቀለለው እንጂ አላስቀረውም። ሮሊን ዋይት ከኋላ የሚጎርስ፣ ዳር እስከ ዳር የተበሳ ሲሊንደር ላይ በኤፕሪል 1855 ያገኘውን ፓተንት ስሚዝና ዌሰን ተከራይተው በ1857 የመጀመሪያውን ባለ ቀለህ ሪቮልቨራቸውን አወጡ። ፓተንቱ በ1869 ሲያበቃ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ኮልት በ1873 ታዋቂውን ባለ 0.45 ኢንች ሽጉጥ አቀረበ። ጡትና ልቅ ቆብ ከነጣጣቸው ቀሩ። በቀለሁ ውስጥ ያለው ግን ያው ጥቁር ባሩድ ስለነበር ማታ ማጠቡ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ቀለሁን ዳግመኛ ለመጠቀም የሚፈልግም ቀለሁን ጭምር ያጥብ ነበር።

በኢትዮጵያም የ19ኛው ክፍለ ዘመን መሣሪያ የጥቁር ባሩድ መሣሪያ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን ያጠፉት ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ነው። በመቅደላው ዘመቻ የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት ስናድር፣ በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር የተማረከው ሬሚንግተን ጠመንጃ፣ በዐድዋም ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት መሣሪያዎች አንዱ የነበረው ውጅግራ ሁሉም ጥቁር ባሩድ የሚተኩሱ ነበሩ። ጥቀርሻቸውና ጨዋቸው በሃርትፎርድ ሽጉጦች ላይ ከሚገኘው አይለይም፤ የሚያጠፋቸውም ያው ውሃና ቅባት ነው።

ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ፈለሰፈ። አዲሱ ባሩድ ሲነድ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጋዝ ስለሚሆን የጥቀርሻው ጣጣ ተቃለለ። ሪቮልቨሮች ወደ እሱ የተሻገሩት ዘግየት ብለው ነው፤ ኮልት የ1873 ሞዴሉን ለጭስ አልባ ባሩድ ዋስትና የሰጠው በ1900 ነበር። ከዚያ በፊት የተሠሩ ሲሊንደሮች ብረታቸው ለስላሳ በመሆኑ የአዲሱን ባሩድ ግፊት አይችሉም። በእነሱ አዲሱን ባሩድ አለመተኮስ ዛሬም በጥብቅ የሚጠበቅ ደንብ ነው።

የማጠቡ ሙያ ከመጥፋት የዳነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ መቶኛ ዓመት ሲቃረብ በአሜሪካ የአሮጌ መሣሪያ ተኩስ ውድድር ተስፋፋ። ቫል ፎርጌት የተባለ የኒው ጀርሲ ነጋዴ የኮልት ኔቪን ቅጂ በጣልያን ማሠራት ጀመረ፤ በብሬሻ አውራጃ ያለው የጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ጥንታዊ የጠመንጃ ሠሪዎች ሸለቆም በዚህ ሥራ ዳግመኛ ሥራ በዛለት። ኡበርቲና ፒየታ ዛሬም በዚያ አካባቢ ይሠራሉ። ቅጂዎቹን የሚተኩሱ ሰዎች የኮልትን አንድ ገጽ መመሪያ ከሞላ ጎደል እንዳለ ይከተላሉ፦ ፈትቶ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ለብ እያለ መቀባት። የተጨመረው ጥቂት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በጀርመን የተሠራው ባሊስቶል ከውሃ ጋር የሚዋሐድ ዘይት በመሆኑ ተወዳጅ ሆኗል። በ1970ዎቹ ፓይሮዴክስ የተባለ የባሩድ ምትክ ወጣ፤ ጥቀርሻው ያንሳል ቢባልም ብረትን ይበላል፣ ስለዚህ እሱም በዚያው ቀን መታጠብን ይጠይቃል። የዓሣ ነባሪው ዘይት ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሕግ ተከልክሎ ከገበያ ወጥቷል።

የቤተ መዘክር ባለሙያ ሥራ ከተኳሹ ይለያል። እሱ የሚጠብቀው ሽጉጡ እንዲዞር ሳይሆን የቀረው ቀለም፣ ቁጥርና ሥዕል እንዳይጠፋ ነው። ንቁውን ቀይ ዝገት በዘይትና በለስላሳ ነገር ያነሣል፤ የረጋውን ቡናማ ሽፋን ይተዋል፤ ብረቱን በስስ ሰም ይሸፍናል፤ የክፍሉን እርጥበት ይቆጣጠራል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መሣሪያው ባዶ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ተጎርሰው የተቀመጡ ሽጉጦች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ተገኝተዋልና፣ ጥቁር ባሩድም ደርቆ ከቆየ ኃይሉን አያጣም። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ አሮጌ ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ በእጁ ያለ ሰው በሕጋዊ መንገድ ለባለሙያ ያሳየው፤ እስከዚያው ድረስ አይተኩሰው፣ አይፍታው፣ በብርጭቆ ወረቀትም አይንካው።